በጎን የተከፈቱ በሮች

ሮብ ገበያ ስሟን ያገኘችው ገበያዋ ከሚውልበት ቀን ነው። ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ ወደ ሰሜን፣ ወደ ጮቄ ተራራ ሽቅብ ሲኬድ የምትገኝ የስናን ወረዳ ከተማ ናት። ደብረ ማርቆስ ራሷ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ስለተቀመጠች፣ እዚያ የሚሳበው አየር ከባሕር ጠረፉ አንድ አራተኛ ያህል ይሳሳል። ሽቅብ በተወጣ ቁጥር ደግሞ እየሳሳ ይሄዳል። ዳገቱን ያልለመደ እንግዳ ገበያው ዳር ሲደርስ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያደርገው ቆም ብሎ መተንፈስ ነው።

እኔም ቆምሁ። የቆምሁት እህል ተራ ነበር። አንዲት እናት ከቆላው የመጣ በቆሎ በሁለት ማዳበሪያ ይዘው ተቀምጠዋል። ከአንደኛው ጥቂት ወደ ሰፌዱ ሲያፈሱ ጥቋቁር ነቀዞች ከየፍሬው መካከል እየወጡ ወደ ሰፌዱ ጠርዝ ይሸሻሉ። በሁለተኛው ማዳበሪያ ውስጥ ያለው ግን በቆሎ ብቻ አልነበረም።

«ይኸኛውስ እማማ፣ ጤፍ ነው በቆሎ?» ስል ጠየቅኋቸው።

«ሁለቱም ነው ልጄ። ነቀዙ መፈናፈኛ እንዳያገኝ በጤፍ ሞልቼው ነው። ለመሸጥ ስፈልግ በወንፊት እነፋዋለሁ፤ ጤፉ ይወርዳል፣ በቆሎው ይቀራል።»

«መፈናፈኛ» የምትለው ቃል አብራኝ ወደ ቤት ተመለሰች። ነቀዝ እንዴት ይተነፍሳል? አፍንጫ የለውም፤ ሳንባም የለውም። ሸረሪትስ? አሳስ? ይህ ምዕራፍ የእነዚህን ፍጥረታት የትንፋሽ በሮች ይመለከታል። በር ደግሞ ለባለቤቱ ብቻ አይከፈትም። አየር በሚገባበት በኩል ውኃ ይወጣል፤ መርዝም ይገባል። የጎጃም ገበሬ ይህን የተማረው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከእጁ ሥራ ነው፤ አንዳንዱን ዕውቀቱን ለበጎ፣ አንዳንዱንም ለጥፋት አውሎታል።

ሃያ ቀዳዳ

ከነቀዝ ይልቅ ለዓይን በምትመቸው በፌንጣ እንጀምር። ፌንጣ ይዘን ፊቷን ብንመረምር አፍ እናገኛለን፤ አፍንጫ ግን አናገኝም። አፏም ቢሆን ሣር መቀርጠፊያ እንጂ መተንፈሻ አይደለም። ዓይናችንን ወደ ጎኗ ብናዞር በሆዷ ግራና ቀኝ፣ በየቀለበቱ ላይ አንድ አንድ ነጥብ ተሰልፎ እናያለን። ነጥብ የመሰለን ቀዳዳ ነው። ሁለት ጥንድ በደረቷ፣ ስምንት ጥንድ በሆዷ፣ በጠቅላላው ሃያ ቀዳዳ አላት። ጭንቅላቷ ብቻ ውኃ ውስጥ ቢነከር አትታፈንም። ጭንቅላቷ ከውኃ በላይ ሆኖ ገላዋ ቢሰምጥ ግን ትታፈናለች።

ከየቀዳዳው ወደ ውስጥ የአየር ቧንቧ ይነሣል። ቧንቧው ይከፈላል፣ ቅርንጫፉም እንደገና ይከፈላል፤ እየቀጠነ ሄዶ በመጨረሻ ከሚሊሜትር አንድ ሺህኛ በታች ሆኖ እያንዳንዱ ሕዋስ ደጃፍ ይደርሳል። ግድግዳው እንዳይጨፈለቅ በጥምዝ ክር የተጠናከረ ነው። በእኛ ገላ ኦክስጅንን ከሳንባ ተቀብሎ ለየሕዋሱ የሚያከፋፍለው ደም ነው። በነፍሳት ዘንድ ግን አየሩ ራሱ እስከ ጓዳ ድረስ ይዘልቃል። ስለዚህ የአብዛኞቹ ነፍሳት ደም ምግብ ያመላልሳል እንጂ ኦክስጅን አይሸከምም፤ ቀይ ማቅለሚያም አያሻውም። የጠገበች ቢንቢ ስትጨፈለቅ የምናየው ቀይ ደም የራሳችን ነው።

ጣሊያናዊው ሐኪም ማርቼሎ ማልፒጊ እነዚህን ቧንቧዎች በሐር ትል ገላ ውስጥ አይቶ በ1669 እ.ኤ.አ. ጽፎባቸዋል። ቀዳዳዎቹን በዘይት ሲደፍናቸው ትሎቹ ሞቱ፤ የትንፋሽ በሮች መሆናቸው በዚህ ታወቀ። የልጅን ራስ ቅቤ የሚቀቡ እናቶቻችን ስለ ማልፒጊ አልሰሙም፤ ቅባት ቅማልን እንደሚያስጨንቅ ግን ያውቃሉ። የቅማል ቀዳዳም እንዲሁ በጎኑ ነው። ይሁን እንጂ ቅማል ቀዳዳዎቹን ዘግቶ ለሰዓታት መቆየት ስለሚችል፣ አንድ ጊዜ ብቻ የተቀባ ቅቤ ሁሉንም አይጨርስም፤ ቅጫሙም ይተርፋል።

ያለ ሳንባና ያለ ቀይ ደም ይህ ሁሉ እንዴት ይበቃል? ምሥጢሩ አየሩ ጋ ነው። ኦክስጅን በአየር ውስጥ ሲሰርግ በውኃ ውስጥ ከሚሰርግበት ፍጥነት አሥር ሺህ ጊዜ ያህል ይፈጥናል። ዴንማርካዊው አውጉስት ክሮግ በ1920 እ.ኤ.አ. የአንድ ትልቅ ትል ቧንቧዎችን ርዝመትና ስፋት ለክቶ፣ የትሉን ፍላጎት ለመሙላት ይህ ስርገት ብቻውን እንደሚበቃ በስሌት አሳይቷል። ለጮቄ ነፍሳትም ተፈጥሮ ትንሽ ካሳ አላት። ከፍታ ላይ አየሩ ሲሳሳ ኦክስጅኑ ይቀንሳል፤ ነገር ግን ቅንጣቶቹ እርስ በርስ የሚጋጩት ስለሚያንስ በቧንቧው ውስጥ ይበልጥ ፈጥነው ይሰርጋሉ።

ብዙ የሚሠራ ገላ ግን ስርገትን ብቻ ጠብቆ አይኖርም። መስከረም ላይ አደይ አበባ ላይ ያረፈች ንብ ብናስተውል ሆዷ ቶሎ ቶሎ ሲረዝምና ሲያጥር እናያለን። ያ ወናፍ ነው፤ በገላዋ ውስጥ ያሉትን የአየር ከረጢቶች እየጨመቀና እየለቀቀ አየሩን ይገፋል። በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. በምሥራቅ ኢትዮጵያና በወሎ አዝመራ ላይ የወረደው የበረሃ አንበጣ ደግሞ አየሩን በአንድ አቅጣጫ ማስኬድ ይችላል፤ በፊተኞቹ አራት ጥንድ ቀዳዳዎች ያስገባል፣ በኋለኞቹ ስድስት ጥንድ ያስወጣል። ያ ሁሉ መንጋ በቀን ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ሲጓዝ ጡንቻዎቹን የሚያነድደው አየር የሚገባው በእነዚህ ጥቃቅን በሮች ነው።

የጥም ሞት

ቀዳዳው ሁልጊዜ ክፍት ቢሆን ግን ሌላ ሞት አለ፤ ድርቀት። የቧንቧዎቹ ውስጠኛ ጫፍ እርጥብ ነው፤ በሩ በተከፈተ ቁጥር እርጥበቱ ተንኖ ይወጣል። ነቀዝን የሚያህል ገላ የሚያጠራቅመው ውኃ ከጠብታ ያንሳል። ስለዚህ በአብዛኞቹ ነፍሳት ቀዳዳ ላይ በጡንቻ የሚዘጋ ክዳን አለ። በገላው ውስጥ የተቃጠለው አየር፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ሲከማች ክዳኑ ይከፈታል። ሲወጣ ይዘጋል። አንዳንድ የእሳት ራት ሙሽሬዎች በሮቻቸውን ለሰዓታት ዘግተው ይቆያሉ። ይህን ልማድ ያመጣው ውኃን መቆጠብ ነው ወይስ ሌላ ምክንያት አለው የሚለው በተመራማሪዎች መካከል እስከ ዛሬ ያከራክራል።

አሁን ወደ እህሉ እንመለስ። ነቀዝ የሚኖረው በደረቀ ፍሬ ውስጥ ነው፤ ምንጭ አይወርድም፣ ጤዛ አይልስም። ከሚያስፈልገው ውኃ አብዛኛውን የሚያገኘው የበላውን በኦክስጅን አቃጥሎ ነው። ምግብ በገላ ውስጥ ሲቃጠል ከሚተርፉት ነገሮች አንዱ ውኃ ስለሆነ፣ ለነቀዝ ትንፋሽ ማለት መጠጥም ማለት ነው።

ባለ ሦስት ሽፋኑ የእህል ከረጢት የተሠራው በዚህ ደካማ ጎኑ ላይ ነው። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ የአሜሪካው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ካሜሩን ውስጥ ለአደንጓሬ መሰል ጥራጥሬ ማከማቻ አድርገው የጀመሩት ዘዴ ነው። ዛሬ በብዙ የአፍሪካ አገሮች፣ በእኛም አገር ይሠራበታል። ሁለት አየር የማያሳልፉ የፕላስቲክ ከረጢቶች እርስ በርስ ይደረባሉ፤ ከውጭ የተለመደው ማዳበሪያ ይለብሳቸዋል። በደንብ የደረቀ እህል ይሞላና አፉ እየተጠመዘዘ አንድ በአንድ ይታሰራል። መርዝ አይጨመርበትም። ነቀዙ ራሱ ሲተነፍስ በከረጢቱ ውስጥ የቀረውን ኦክስጅን ይጨርሳል። ኦክስጅኑ ሲያንስ መብላቱን ያቆማል፣ መራባቱንም ያቆማል። መብላትና ማቃጠል ሲቆም ውኃ የሚገኝበት መንገድ ይደርቃል። ዘዴውን ያጠኑት ተመራማሪዎች እንዳስረዱት ነፍሳቱን በስተመጨረሻ የሚገድላቸው መታፈኑ ብቻ አይደለም፤ ይበልጡን ጥም ነው።

የእማማ ጤፍ የሚሠራው በሌላ መንገድ ነው። የጤፍ ፍሬ ከሚሊሜትር አንሶ በጣም ስለሚቀጥን፣ አንድ ግራም ለመሙላት ሁለት ሺህ አምስት መቶ ያህል ፍሬ ያስፈልጋል። እንዲህ ያለው ደቃቅ እህል በበቆሎ ፍሬዎች መካከል ያለውን ክፍተት ሁሉ ይሞላል። አየርን ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፤ የነቀዙን መንገድ ግን ይዘጋል። ነቀዙ ከፍሬ ወደ ፍሬ መሄድ፣ ተጓዳኝ መፈለግ፣ ዕንቁላል መጣያ መምረጥ ይቸግረዋል። እማማ «መፈናፈኛ» ያሉት ልክ ነበር፤ የከለከሉት ትንፋሹን ሳይሆን መላወሻውን ነው። ጤፉም አይባክንም፤ ተነፍቶ ይበላል።

የሳሙና ውኃ ነገርም ከዚሁ በር ጋር የተያያዘ ነው። ንጹሕ የዝናብ ጠብታ ሰም የለበሰ የነፍሳት ገላ ላይ ክብ ሆኖ ይንከባለላል እንጂ ወደ ቀዳዳው አይገባም። ሳሙና ግን የውኃውን ገጽ ጥብቀት ያላላዋል፤ ውኃው ይሰራጭና በቀዳዳው ዘልቆ ቧንቧውን ይሞላል። በጎመን ቅጠል ላይ የተርከፈከፈ የሳሙና ውኃ ክሽክሹን የሚጥለው አንድም በዚህ ነው። የቢንቢ ትልም በውኃ ውስጥ እየኖረ የሚተነፍሰው ከላይ ያለውን አየር ነው፤ አንዳንዱ ዘር በጭራው ያለውን ቱቦ ወደ ውኃው ገጽ ያወጣል። የወባ አስተላላፊዋ ትል ግን ቱቦ ስለሌላት ከውኃው ገጽ በታች ጋደም ብላ ትተነፍሳለች። ቀደም ባለው ዘመን ረግረግ ላይ ነጭ ጋዝ ይፈስ የነበረው የእነዚህን በር ለመድፈን ነው።

የብራና ገጾች

ሸረሪት ከነፍሳት ወገን አይደለችም፤ ስምንት እግር አላት፣ ደረቷና ጭንቅላቷም አንድ ላይ ነው። የትንፋሿም በር ሌላ ነው። በጀርባዋ ብትገለበጥ ከሆዷ ፊተኛ ክፍል ግራና ቀኝ ቀጭን ስንጥቅ ይታያል። ከስንጥቁ በስተጀርባ ያለውን ክፍል ጎጃሜ ቢያየው ወዲያው የሚያስታውሰው ነገር አለ፤ ዲማ ጊዮርጊስን በመሰሉ ገዳማት እንደሚገኘው ያለ የብራና መጽሐፍ። ስስ ቅጠሎች እንደ ገጽ ተደራርበው ተቀምጠዋል። በየገጹ መካከል አየር አለ፤ በየገጹ ውስጥ ደም ያልፋል። የሥነ ሕይወት ሊቃውንትም ይህን አካል የመጽሐፍ ሳንባ ብለው ይጠሩታል።

እዚህ ደሙ ሥራ አለው። የሸረሪት ደም ኦክስጅን የሚሸከመው ብረት ባለበት ሄሞግሎቢን ሳይሆን መዳብ ባለበት ሄሞሲያኒን ነው፤ ኦክስጅን ሲይዝ ወደ ሰማያዊ ያደላል። ትልልቆቹና ጠጉራሞቹ ሸረሪቶች ሁለት ጥንድ የመጽሐፍ ሳንባ አላቸው። በየቤታችን ጥግ ድር የሚያደሩት አብዛኞቹ ግን አንድ ጥንድ ብቻ ቀርቶላቸዋል፤ በሌላው ምትክ እንደ ነፍሳት ያለ የአየር ቧንቧ አውጥተዋል፤ በሩም ብዙ ጊዜ ድር ከሚወጣበት አካባቢ ይገኛል።

ሸረሪትን ያሳደደ ልጅ እንደ ቀስት ተወርውራ ወዲያው እንደምትቆም አይቷል። እግሯን የምታጥፈው በጡንቻ ቢሆንም፣ ዋና ዋናዎቹን መገጣጠሚያዎች የምትዘረጋው ደሟን ወደ እግሯ በመግፋት ነው። በጥድፊያ ስትሮጥ የደረቷ ግፊት ስለሚያይል ከሆዷ ኦክስጅን ይዞ የሚመጣው ደም ይታገዳል። ስለዚህ ጥቂት ሮጣ ትቆማለች። የሮጠችበትን የምትከፍለው ቆማ ነው።

የድሃ ውኃ ባለጠጎች

ከደብረ ማርቆስ ወደ ሰሜን ምዕራብ ተጉዘን ጣና ዳር ስንደርስ ከሁሉ የከበደው የትንፋሽ ሥራ ይጠብቀናል። ከአንድ ሊትር አየር ውስጥ ኦክስጅኑ ከ200 ሚሊ ሊትር ይበልጣል። በአንድ ሊትር ውኃ ውስጥ የሟሟው ግን ስድስት ሚሊ ሊትር ያህል ቢሆን ነው፤ በደጋ ሐይቅ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ውኃው ሲሞቅ ይብስ ይቀንሳል። እምቦጭ ፊቱን ሲሸፍነውና ከታች ሲበሰብስም ያው ነው። ውኃ ከአየር ስምንት መቶ ጊዜ ያህል ይከብዳል፤ አሳ ትንሽ ኦክስጅን ለማግኘት ይህን ከባድ ነገር ሌት ተቀን መግፋት አለበት።

የሚገፋው እንዲህ ነው። አፉን ይከፍታል፣ ውኃው ይገባል፤ አፉን ይዘጋል፣ ውኃው በስንጥቡ ላይ አልፎ በጎን ክዳኑ በኩል ይወጣል። መግቢያና መውጫው የተለያየ ስለሆነ ውኃው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይፈስሳል። ስንጥቡ በየጎኑ በአራት ቅስት የተሰደረ ቀይ ጥርጥር ነው፤ በየጥርጥሩ ላይ ደግሞ ከቆዳ የሳሱ ጥቃቅን ቅጠሎች አሉ። ደም በእነዚህ ቅጠሎች ውስጥ የሚያልፈው ከውኃው በተቃራኒ አቅጣጫ ነው፤ ታላቁ ብልሃት ያለውም እዚህ ላይ ነው። ውኃና ደም ጎን ለጎን በአንድ አቅጣጫ ቢሄዱ ኖሮ እኩል እስኪሆኑ ተካፍለው ይቆሙ ነበር፤ አሳው ከግማሽ በላይ አያገኝም። በተቃራኒ ሲሄዱ ግን ባዶ ሆኖ የሚገባው ደም መጀመሪያ የሚያገኘው ብዙ የተወሰደበትን ውኃ ነው፤ ያም ቢሆን ከደሙ ይሻላልና ይሰጠዋል። ሞልቶ ሊወጣ የተቃረበው ደም ደግሞ ገና ያልተነካውን ውኃ ያገኛል። በየእርምጃው የሚሰጥ አለ። እንዲህ እየሆነ አሳ በስንጥቡ ላይ ካለፈው ኦክስጅን እስከ 80 በመቶ የሚደርሰውን ማውጣት ይችላል። እኛ ከምንስበው ኦክስጅን የምናስቀረው አንድ አራተኛ ያህሉን ነው።

ባሕር ዳር አሳ የሚገዛ ሰው ክዳኑን ገልጦ ስንጥቡን ያያል። ደማቅ ቀይ ከሆነ አሳው ትኩስ ነው፤ ከጠቆረና ከተዝለገለገ ይተወዋል። እጁ የነካው እነዚያን ቅጠሎች ነው። አሳ ኦክስጅን በሞላበት አየር ውስጥ ታፍኖ የሚሞተውም በእነሱ ምክንያት ነው፤ ውኃ ለያይቶ ያቆማቸው የነበሩት ቅጠሎች፣ ዝናብ እንደ መታው መጽሐፍ ገጽ እርስ በርስ ይጣበቃሉ።

ቆሮሶና ነጭ አሳ ቶሎ ሲሞቱ አምባዛ ግን ከወጣ በኋላ ለሰዓታት ሲንቀሳቀስ ይታያል። አምባዛ ከስንጥቡ በላይ ባለ ጓዳ ውስጥ ቅርንጫፍ ያለው ቁጥቋጦ የመሰለ ደም የሞላበት አካል አለው፤ ቅርንጫፉ ጠንካራ ስለሆነ በአየር ውስጥ አይጣበቅም። ውኃው ሲቆሽሽ ወደ ላይ ብቅ ብሎ አየር ይጎርሳል። በጋምቤላው ባሮ ወንዝ የሚኖር ፖሊፕተረስ የተባለ ጥንታዊ አሳ ደግሞ ከጭንቅላቱ አናት ላይ ሁለት ቀዳዳዎች አሉት። በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ይህ የአሳ ወገን አየርን ወደ ሳንባው የሚስበው በአብዛኛው በእነዚህ ቀዳዳዎች መሆኑን አረጋግጧል።

ከበሩ በስተጀርባ

ብርብራ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር በተፈጥሮ የማይበቅል ዛፍ ነው። ጥላው ደስ ይላል፤ ቡናም ያጠላል። ፍሬው ግን ተወቅጦ ወንዝ ላይ ሲበተን አሳው እየተንገዳገደ ወደ ላይ ይወጣል፤ አፉን ይከፍታል፣ ይገለበጣል። በጣናና በገባር ወንዞቹ ይህ የቆየ የማጥመጃ ዘዴ ነው።

በፍሬው ውስጥ ያለው መርዝ ሮቴኖን ይባላል። አሳው ሲንገላታ ያየ ሰው ውኃው አየር ያጣ ይመስለዋል። ውኃው አየር አላጣም፤ ስንጥቡም ሥራውን አላቆመም። እንዲያውም ያ የሚደነቅ ስስነቱና ስፋቱ መርዙንም ፈጥኖ ወደ ደሙ ያሳልፈዋል። ሮቴኖን የሚመታው ከሁሉም በሮች በስተጀርባ፣ በሕዋሱ ውስጥ ኦክስጅን ሥራ ላይ የሚውልበትን ምድጃ፣ ማይቶኮንድሪያን ነው። ኦክስጅኑ ደጁ ድረስ መጥቶ የሚቀበለው ያጣል።

ያ ምድጃ ደግሞ የአሳ ብቻ አይደለም። በወንዙ ድንጋይ ሥር በስንጥብ የሚተነፍሱ የነፍሳት እጮች አሉ፤ የአሳ ጫጩት የሚያድገው እነሱን እየበላ ነው። መርዙ እነሱንም ይነካል። በሃያ ቀዳዳ የምትተነፍሰው ፌንጣ፣ በብራና ገጾች የምትተነፍሰው ሸረሪት፣ ዳገቱን ወጥቼ በአፍንጫዬ ያለከለክሁት እኔ፣ ሁላችንም በሕዋሳችን ውስጥ የምናነደው በዚያው ዓይነት ምድጃ ነው። በሮቻችን ይለያያሉ፤ የምንሞቀው እሳት ግን አንድ ዓይነት ነው።

ለዚህ ነው በእህል ተራ ያየሁትን ዕውቀት ከወንዙ ዕውቀት ለይቼ የማየው። ጤፉም ሆነ ከረጢቱ ጠላቱን ለይቶ ያውቃል፤ ነቀዙን ያስቀርና እህሉን ለልጆች ይተዋል። ወንዝ ላይ የተበተነ ብርብራ ግን አይመርጥም። ለድስት የሚበቃውን አሳ፣ ገና ጣት የማያህለውን ጫጩት፣ ጫጩቱ የሚበላውን ትል በአንድ ጊዜ ይወስዳል። ብዙዎቹ የጣና ነጭ አሳ ዝርያዎች፣ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የማይገኙት፣ በክረምት ዕንቁላላቸውን ሊጥሉ ወደ ገባር ወንዞች የሚወጡ ናቸው፤ በዚያ ወራት በወንዝ ላይ የሚረጭ መርዝ የሚያገኘው እናቶችን ነው።

ብርብራው ከተበተነ በኋላ ጎርፉ ይወስደዋል፤ ወንዙ ይጠራል። ዳር ቆሞ ለሚያይ የጎደለ ነገር አይታየውም። ድንጋይ ገልብጦ ሥሩን ያየ ሰው ግን ያውቃል፤ በሕይወት ባለ ወንዝ ውስጥ ከድንጋዩ ሆድ ላይ የተጣበቁ ትናንሽ ገላዎች አሉ፤ በጎናቸው የተደረደሩት የስንጥብ ቅጠሎች እንደ ላባ ይርገበገባሉ። በጮቄ ምንጮች ዳር ድንጋይ ባነሣሁ ቁጥር መጀመሪያ የምፈልገው ያን መርገብገብ ነው።